መዝጊያ

ሐምሌ ሲገባ ቡሬ በር አይታዘዝም፤
በእግር ካልመቱት በቀር በደግ አይከፈትም።
ጥር ሲመጣ ደግሞ ሳንቃው ከስቶ ከስቶ፣
የጎረቤት ዓይን ያድራል ከቤት ገብቶ።
አያቴ ላጉት፣ አባቴም ላጉት፣
እኔም በተራዬ መላጊያ ያዝኩለት፤
"ለምን?" ያለ የለም። እንጨት ነው፣ አመሉ፣
ክረምትን የሰጠ ያውቃል እያሉ።

አጎቴን "አንለይ" ያሉት እንዳይለይ ነበር፤
እሱ ግን ተለየ በመላጊያ ነገር፣
ከአባቴ ተኳርፎ፣ በለስን ተሻግሮ፣
ፓዌ ቆላ ወረደ መጋዙን ቋጥሮ።

መጋዝ የሁለት ሰው ነው፤
አንዱ ካኮረፈ ስንዝር አይሄድም።
ኤርሲዶ በሀዲይኛ፣ አንለይ በአማርኛ፣
እየቆጠሩ ሳቡ፤ ግንዱ ሆነ ዳኛ።

በሽር ነው የጠየቀው፣ ማንዱራ ላይ ቆሞ፣
አዲሱን በር በመዳፉ ዳስሶ ደጋግሞ፦
"በናንተ አፍ ምን ይባላል?"
"መዝጊያ።"
"መዝጊያ?" ሳቀ፤ ሳቁ እንባ ቀላቀለ፤
"ግማሽ ቀን የሚከፍተው ታዲያ ማነው?" አለ።

አጎቴን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደው።

ሰባት ክረምት ቆጥሮ ሲመለስ ወደ ቤት፣
ቡሬ ታዘበችው፣ ተብትቦት አንደበት፤
ሚስማር ለማለት እንኳ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣
ከሦስት ቋንቋ በራፍ አንድ ቃል ይለምናል።
"ተበላሸ" አሉ።
እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ አፉን ትቼ እጁን አያለሁ።
በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ቃሉ ሳይመጣ በፊት፣
ሚስማሩ ስም አልነበረው፤
ራቁቱን ነበር መዳፉ ላይ።
ገለበጠው። እንደ እንግዳ ዕቃ አየው።
ከዚያ መልሶ ሣጥን ከተተው።

ለወይዘሮ ትጓደድ ሠራላቸው በሩን፤
ዋንዛ አደረገው ዙሪያ ክፈፉን፣
በእንጅባራ ቀርከሃ ጠልፎ ሞላው መሃሉን፣
እንደ በሽር ግድግዳ።
ጫፉን ሳይቸነክር በቦይ ውስጥ ለቀቀው፤
ለጣት የማይበቃ ባዶ ቦታ ተወለት፣ ሲያብጥ የሚችለው።
አባቴ ነቅነቅ አደረጉት፦ "አልያዘም፤ ይንኳኳል" አሉ፤
ሄዱ፣ ሳይሰናበቱ፣ ከዘራቸውን እየጣሉ።

ሐምሌ ገባ። ዘነበ። ዘነበ።
ቀርከሃው አበጠ፣ ወደዚያች ባዶ ቦታ ሰፋ፤
ትጓደድ በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት፣ በሩ ተገፋ።

"ከጉሙዝ ሰርቆ ነው" አለ ምንይችል በገበያ።
ምንይችልም ፓዌ ሰባት ዓመት ኖሯል፤
ጨው ሸጧል፣ ብር ቆጥሯል፣ ስድብ ተምሯል፤
ከማንም ገበታ ግን አንድ ጉርሻ አልቆረሰም።
መሄድ ብቻ ቢሆን አህያውም ሄዷል፤ አናጢ አልሆነም።

ደግሞስ ከማን ሰርቆ? ማንዱራ የለም እንዲህ ያለ በር፤
ኤርሲዶም አያውቀው፤ ቡሬም አልነበር።

አሁን መላጊያው የኔ ነው። ከቡሬ አልወጣሁም።
ሌሊት ነፋስ ሲነሳ የትጓደድ በር ይንኳኳል፤
አባቴ አልዋሹም።
ልጠግነው እሄዳለሁ፣ ሳልነካው እመለሳለሁ።

አንድ ቀን፣ ሳይሞት፣ ጠየቅሁት አጎቴን፦
"በሽርስ በአፉ በርን ምን ይለዋል?"
ነገረኝ፤ ደገመልኝ፤ ሳቀብኝ።
ቃሉ ውሎ አድሮ ጠፋኝ።
የቀረኝ መቆሙ ነው፤
አፌን ከፍቼ፣ እጄ በሩ ላይ፣
ምን እንደምለው ሳላውቅ።