ማን ያውቃል

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣
አንድ ክፍል የእንስሳት ክሊኒክ፤
ዶሮ የታቀፈም፣ ፍየል የሳበም፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ።
የላብራቶሪዋ ሴት እኔ ነኝ።
ወንበሬ ባለ ሦስት እግር፣ ማጉያዬ ባለ አንድ ዓይን፤
ሥራዬ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን
መስታወት ላይ ቀብቶ ማየት።

ሰኔ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ፣ የማምረቻው የሌሊት ዘበኛ፣
በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ ውሻውን አመጣው ወደኛ።
ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል።
ቀኝ ኪሱ ውስጥ፣ በክብሪት ቀፎ፣ የጠዋቱን ይዟል።

ቅጹን አወጣሁ።
— የታካሚው ስም?
— ማን ያውቃል።
— እርስዎ ካላወቁት፣ ጋሼ፣ ሌላ ማን ሊያውቅ ይችላል?
— ስሙ ነው፣ ልጄ። ማን ያውቃል።
ማታ ስጣራ ሌባ አጥር ላይ ሆኖ ይሰማል፤
መልሱ ይጠፋውና ይመለሳል።

— ዕድሜው?
— ሲኖ ትራኩ አጥሩን በጣሰ ሰሞን ነው የተወለዱ፤
ስምንት ነበሩ፣ ሰባቱ እያስቀመጣቸው ሄዱ።
(አምስት ወር፣ ብዬ ጻፍኩ። ቡችላ።)

— ውሃ ከየት ይጠጣል?
— ብሎኬቱን ከምናርስበት በርሜል።
— በርሜሉስ?
— ቧንቧ ሲመጣ ከቧንቧ፤ ሲጠፋ ከወንዝ፣ በአህያ።
— እርስዎስ?
— እኔማ የራሴ ጣሳ አለኝ።
ጥቂት አሰበ።
— በርሜሉ ግን ያው ነው፣ ያ።

— የሚበላው?
— ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ሳንባ ይጥልልናል፤
እሱ በጥሬው፣ እኔ ጠብሼ።
— ከሌሎች ውሾች ጋር ይውላል?
— የዚህ ሰፈር ውሻ መቼ አጥር ያውቃል?
— የት ያድራል?
እዚህ ላይ ዝም አለ። የተቀደደ ቦት ጫማውን አየ።
— እግሬ ላይ።
ብርድ ነው፣ ልጄ። ብርድ ነው።

አንድ ጠብታ ጨው ውሃ፣ የክብሪት እንጨት ጫፍ ታህል፣
ከላይ ስስ መስታወት።
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ዝቅ አልኩ።
ጭጋግ። የሥጋ ጭረት። የሣር ፀጉር። የአየር ኳስ።
ከዚያ መጣች፣
እንደ ረገፈ ቅጠል እየተገለባበጠች፣
ዕንባ የመሰለች፣ ጅራተ ብዙ፣ ባለ ሁለት ዓይን፣ አፍ አልባ።
ቀና ብላ ያየችኝ መሰለኝ።
ማን ማንን እንደሚመረምር ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ።

— ጃርዲያ ነው፣ አልኩት።
ከት ብሎ ሳቀ።
— የኛዋ ጃርዲያ? ስሙ የማይያዝ የፈረንጅ በሽታ መስሎኝ ስጨነቅ!
እሷማ ከነአሜባዋ ቤተኛ አይደለች እንዴ?

ሳቁ ሳያልቅ ግራ ኪሱን ዳበሰ፤
ሌላ የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛዬ ጥግ አኖረና
ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።
— ይሄስ የማነው?
— የሌላ ውሻ ነው በይው።

ሰው አናይም፣ ጋሼ። ጤና ጣቢያው ከድልድዩ ማዶ ነው።
ማለት ነበረብኝ፤ አልኩትም።
— ቀን ልተኛ፣ ወይስ ቀን ልሰለፍ?

እጄ አልሰማኝም። ሌላ መስታወት አነሳ።
ዝቅ አልኩ።
ቅጠል ይረግፍ ነበር።

ያንን ቅጽ አልሞላሁትም ብል ውሸት ነው።
ዝርያ፦ ሰረዝ።
የሚጠጣው፦ ከላይ እንደተጠቀሰው።
የሚያድርበት፦ ውሻው ሥር።
ስም፦ ማን ያውቃል።

ለውሻው በኪሎው ልክ ክኒን ቆጠርኩ፤
ለሰውየው፣ ጤና ጣቢያ የሚያሳየው ቁራጭ ወረቀት።
በርሜሉ ይታጠብ፣ የሚጠጣው ይፍላ፣
የሚጥለው ይቀበር፣ እጅም በሳሙና፣ አልኩ።
በየቃሉ እሺ አለኝ፤
ሳሙናው ላይ ትንሽ ዘገየ።
የክኒኑን ዋጋ ከመሃረቡ ፈትቶ፣
ዝርዝሩን አንድ በአንድ አስቀመጠ።

ዝናቡ አባርቷል። ቀና ስል
ማን ያውቃል ከከረጢቱ ወጥቶ፣
የፊት እግሮቹን ከፍቶ፣ ቀጭን ጅራቱን እየቆላ፣
የእኛው ደጃፍ ላይ ካቆረው ውሃ፣
የዶሮውም፣ የፍየሉም፣ የሁሉም ከረገጠው፣
— ማን ያውቃል! ተው! ማን ያውቃል! —
ይጠጣል።