የእናቴ ፈንታ

ወደ ዳባት ሲሄዱ፣ ኮሶዬን አለፍ ብሎ፣
አንድ ሰሌዳ አለ፣ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፤
«የቤተሰብ መዝናኛ» ይላል በቀይ ቀለም፣
ዝናቡ በልቶት ግን «ና» የምትለው የለም።
«የቤተሰብ መዝኛ!» ሶስና አነበበች፤
አልተሳሳተችም፦ በሩ ላይ ሚዛን ነበረች፣
ዱቄት ዱቄት የምትሸት፣ ከወፍጮ ቤት የመጣች።

አብዩ የሚሉት ልጅ፣ ብርድ ከንፈሩን የላጠው፣
ኪሏችንን በክንዳችን በእስክሪብቶ አሰፈረው።
እኔ አምሳ አራት፤ ሶስና ሠላሳም ሳትሞላ፤
እናቴ ጫማዋን አውልቃ ልትወጣ ብላ፣
«ከነጫማዎ!» አላት። ስልሳ ሁለት ወጣች።
«ነጠላው ነው እንጂ!» ብላ ተቆጣች።
አባቴን ግን ማንም «ና» አላለውም ሚዛን ላይ፤
ጥግ ይዞ ቆሟል፣ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ፣
ብሎን ይቆጥራል።

ያን ካቦ ከገደል ገደል የወጠረው እሱ ነው።

ማንደፍሮ ነው ስሙ። የመብራት ኃይል ሠራተኛ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት የምሰሶ ጓደኛ፤
ከአዘዞ እስከ ሳንጃ፣ ከጭልጋ እስከ መተማ፣
ሽቦ ሲበጠስ የሚጠራ በጨለማ።
ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ «ና» ብለው ሲጠሩት፣
«ይህስ ምሰሶ አይደለም፣ መጫወቻ ነው» አሉት።
ሦስት ሌሊት አልተኛም፣ እያሰላ ክብደት።

ቸቸላ፣ ሰፈራችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣
ጎረቤቱ እየተራገመ ሻማ ፍለጋ ሲዞር፣
እናቴ አትራገምም። መስኮቱ ስር ተቀምጣ፣
ዝም ብላ ትሰማለች ነጎድጓዱ ሲመጣ፤
«አሁን የቱ ላይ ይሆን?» ትላለች ለግድግዳው።
ድንገት ቦግ ይላል አምፖሉ፤ ይንጫጫል ልጁ ሜዳው፦
«መጣ! መጣ!»
ሰፈሩ መብራት ነው የሚለው፤
በኛ ቤት ግን «መጣ» ማለት፣ ወረደ ማለት ነው።

እና ያን ቅዳሜ፣ ጉም ከቆላው ሲወጣ፣
ሶስና ማዶ ጎማ ላይ ሄዳ ተወዛውዛ ስትመጣ፣
ፈረስ የሚያከራዩት ከገብሱ ዳር ሲጣሩ፣
ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡት በዋጋ ሲከራከሩ፣
እኔ የገመድ ድልድዩ መሃል ጉልበቴ ከድቶኝ፣
ወደፊትም ወደኋላም እንቢ ብሎ አብዩ ሲስቅብኝ፣

እናቴ ተሰለፈች።
ከሕፃናት ኋላ፣ ሄልሜት በሻሿ ላይ ደፍታ።
ነጠላዋን ለአባቴ ሰጠችው፣ መዳፉን ከፍታ።
«ፈንታነሽ፣ ምን ነካሽ? ጤናም የለሽ እንዴ?»
«ስንቴ ወጣህ አንተ? ፈንታዬ ነው፣ አንዴ።»

ሄደች።

መዘውሩ ፉጨቱን ለቀቀ፤ ጉሙ ዋጣት።
ጭላዳዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው አዩዋት።
አባቴ ግን አላየም። ከምሰሶው ተጠግቶ፣
ካቦው የታሰረበት ላይ መዳፉን ዘርግቶ፣
የብረቱን ትርታ ያደምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ነጠላዋ ብብቱ ውስጥ እንደ ጫጩት ተሸፍኖ።
ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።
የምሰሶውን ሁሉ ቁመት በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣
መሬት ስንት ሜትር እንደሆነች ያኔ ነው የገባው።

ብረቱ ዝም አለ።
ከማዶ፣ ከጉሙ ሆድ፣ የሶስና ድምፅ ወጣ፦
«መጣች! መጣች!»

ግማሽ ሰዓት ቆይታ በእግር መንገዱ ተመለሰች፣
ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ሄልሜቱን ገና አላወለቀች።
ትስቃለች ብለን ስንጠብቅ፣ ፊቷን አኮሳተረች።
«ይሄን ኖሯል?» አለችው።
«ጉሙ መሃል ላይ ሲቀደድ... ይሄን ሁሉ ቆላ፣
ይሄን ሁሉ ጣራ፣ እንደ ተበተነ ሳንቲም፣ ከእግሬ በኋላ...
ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻህን ስታይ ከርመህ፣
እኔ መስኮት ስር ስሞት፣ ቤት ገብተህ ‹ደክሞኛል› ብለህ!
ፈርቼልህ ነበር፣ ሰውዬ። ዛሬ ግን ቀናሁብህ።»

መልስ አልነበረውም። ነጠላዋን መለሰላት፣
የተጨማደደውን ጫፍ በመዳፉ እየተኮሰላት፤
ከዚያ መፍቻውን ከኪሱ አወጣና ሄደ፣
አንድ የጠበቀ ብሎን ደግሞ ሊያጠብቅ ወረደ።