እገሊት

ጌንት ላይ ክረምት ነው፤ አሥር ሰዓት ይመሻል፤
የቦዩ ውኃ ላይ መብራቱ ይሸሻል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ተቀምጫለሁ ሰው በቁጥር ልፈልግ።

ዶክተር ቬርሌ ናት ፋይሉን የሰጠችኝ፤
«ስም የለበትም፣ ታጥቧል» ነው ያለችኝ።
«አራት ሺህ ነፍስ ነው፣ ከዚህችው ከተማ፤
ማን ከማን ያወራል? ማን ከማን ተስማማ?»

ስማቸው ተነጭቶ እንደ ዶሮ ላባ
ቁጥር ለብሶ ሁሉም ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ።
ሰው ማለት ነጥብ ነው፣ ወዳጅነት መስመር፤
ጠብ የሚታወቀው መስመሩ ሲሰወር።

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ሲሉ
ነው ያደግሁትና ዘመዶቼ ሁሉ፣
ስሙ ከሌለማ ምን ቀረ ከበላይ?
ብዬ ዘው አልኩበት በቁጥሮቹ ላይ።

ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት።
ረቡዕ አላውቃትም ነበር፤ ያየኋት ሐሙስ ነው።
ሴት መሆኗን ማን ነገረኝ? ማንም።
ግን «እርሷ» አልኩ።
ይኸው፣ መጀመሪያ የሳትኩት እዚህ ጋ ነው።

መስመሮቿ ሦስት ናቸው፦
የርግብ እሽቅድምድም ማኅበር፣ ቀጭን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፤
የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች፣ ፈረቃ መለዋወጫ
(ሰው ሲታጠብ የቡድኑ ስም ሳይታጠብ ቀርቷል)፤
አንዱ ደግሞ ወፍራም፣
ወደ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ የሚሄድ።
የሚሄድ እንጂ የሚመለስ የለውም።
ከመስከረም ወዲህ፣ አንድ ጊዜም።

በነርሱ ሦስት ከአርባ፣ በእኛ ዘጠኝ ከአርባ ሌሊት
ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ፋይሉ አይናገርም፤
ርዝመቱን ብቻ ይላል፦ አሥራ አንድ ፊደል።
በማግስቱም አሥራ አንድ።
በሠልስቱም።
ሙያዬ መቁጠር ነው፤ ሆዴ ግን ያነብባል።

ታዲያ አርብ ጧት ላይ፣ ብስክሌቴን ይዤ
ስወርድ ደረጃውን፣ በብርድ ፈዝዤ፣
ወይዘሮ ጎደሊቭ፣ የታችኛው ፎቅ ሴት፣
የርግብ ቅርጫት ይዛ ቆማለች ከበር ፊት።
እጇን በልቶታል የሳሙናው ሶዳ፤
ፈረቃ ላይ አድራ መግባቷ ነው ማለዳ።

«ልጅሽስ?» ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ
ወረደ እንደ አጥንት ጉሮሮዬን ጥሶ።
ልጅ እንዳላት እኮ ነግራኝ አታውቅም፤
(ላይኖራትም ይችላል። ይህንንም አላውቅም።)
«ደህና ዋይ» አልኳት፤ «አንተም» አለች፣ ሳቀች፤
ርግቧ በቅርጫቱ አንዴ ተርገበገበች።

እኛ ዘንድ ሕግ አለ፤ የክርስትና ስም
በየደረሰበት፣ ለሁሉ አይነገርም።
እናቴ የእኔን ስም ለጎረቤት ሸሽጋ
ዓይን እንዳያገኘው አኖረች ከልቧ ጋ።
ያን ጊዜ ዓይን ማለት ሌላ ሰው ነበር፤
ዛሬ ዓይኑ እኔ ነኝ፣ ተከፋይ በየወር።

ለቬርሌ ነገርኳት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ
«ውሸት እንጨምርበት፣ እውነቱ እንዳይወጣ፤
ያልተዋወቁትን እናስተዋውቃቸው፣
የተዋደዱትን ጥቂት እንለያቸው።»
«ስንት?» አልኳት።
«ጭንቁ እርሱ ነው» አለች። «እንደ ጨው።
ካነሰ ሰዉ ይታያል፤ ከበዛ ከተማዋ ራሷ ትጠፋለች።»
ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን፤
ማሞቂያው ብቻ ይንኳኳ ነበር።

ጨመርን። ማሽኑ ሳንቲም ወረወረ፣ አራት ሺህ ጊዜ፣ ደጋግሞ።
ለሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት የደረሳት ዕጣ፦
አንድ የሐሰት መስመር፣ ከአምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ የሚመጣ።
መልስ።
ልሰርዘው ጣቴን አነሣሁ።
ዕጣ አይነካም ይላል ደንቡ።
ደንብ ባይኖርም፣ እንጃ፣ የምነካው አይመስለኝም።

ጥናቱ አልቋል አሁን። ማንም አይታይበት፤
ቬርሌ «ጥሩ ነው» ብላ ፈርማበታለች፣ እኔም ፈርሜበት።
በልቤ ግን ሳስባት «እገሊት» እላለሁ፣
ስሟን በሯ ላይ በየቀኑ እያነበብኩ አልፋለሁ።
ደረጃው ላይ ደግሞ ስሰማ የእግሯን ኮቴ፣
መብራት አጠፋለሁ፤ አልወጣም ከቤቴ።