በኪሎ የተገዛ

ዶሮ ማነቂያ መታጠፊያ ቆራሌው ሸክሙን ሲጥል፣
ከባዶ ጠርሙሶች መሀል አንድ ቴላዮ ብቅ ሲል፣
«ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። በሚዛኑ ሰቀለና
«አሥራ አንድ ኪሎ» አለኝ፤ ቀጥሎ ፊቴን አየና
ሁለት ኪሎ ጨመረበት።
የመዘነው ጉጉቴን ነበር፤ ምን ልበል? ከፈልኩበት።
ጽጌወይን በር ላይ ቆማ ቆጠረች፤ ስድስተኛው ነው።
ምንም አልተናገረችም፤ አልጋውን ነው የገፋችው።

ማታ ማታ በምላጭ ጫፍ ቀለሙን እየላጥኩ ሳየው፣
ላይኛው የቀበሌ አጥር አረንጓዴ ነው፤
ከሥሩ የድሮ ታክሲ ሰማያዊ፣
ከሱ ሥር ግራጫ፣ ባለቤት የሌለው፤
ከሁሉም በታች ጥቁር፣ እንደ ሌሊት ውሃ የጠለቀ፣
ጥቁሩ ላይ የወርቅ መስመር፣ ከፀጉር የረቀቀ፣
በእጅ የተሰመረ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ያዘነበለ፤
ማን ያውቃል፣ ሠዓሊው ያን ዕለት ሲስል ሳለ።

ከፔዳሉ ሥር ቁጥር ነበር። ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ሳሸው
አምስቱ አሃዝ ወጣልኝ፤ ስድስተኛውን ዝገት በላው።
ወይ ሦስት ነው፣ ወይ ስምንት።
ሦስት ሆና ከተከፈተች ከጦርነቱ በፊት፣
ስምንት ሆና ከተዘጋች ከዚያ ወዲህ። ሁለት ዓመት
ኖርኩባት በዚች ጎደሎ አሃዝ፣
አንዴ ስከፍታት፣ አንዴ ስዘጋት።

ማዘጋጃ ቤት ወጣሁ፣ የጥንት ታርጋ መዝገብ ፍለጋ።
«የመኪና?» አለች ጸሐፊዋ።
«የብስክሌት።»
«ሞተር ብስክሌት?»
«ሞተር የሌለው።»
ሻይዋን አማሰለች። «ነገ ና።»
ነገም ሄድኩ። ከነገ ወዲያም።

ሚላኖ ላሉ አዛውንት ጻፍኩ፣ እንደኔው ብረት ለያዛቸው፤
የካታሎግ ገጽ ላኩልኝ፣ ሥዕሎች፣ ስም በሥራቸው።
መዝገበ ቃላት ተውሼ ልፈታ ቁጭ ብል ማታ፣
ቴላዮ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ…
ምኑን ልፍታው? የሠራተኛ ሠፈር ጋራዥ አፉን የፈታበት ነው!
እኔ ብረቱን ስለቅም፣ ቃሉን ቀድመውኝ ለቅመው
ግራሶ ቀብተው አኑረውታል።

ጋሽ አምባዬን ሰው ጠቆመኝ፤ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ጀርባ
በሙሴ ቫርታን ሱቅ ያረጀ፣ በልጅነቱ የገባ።
ሁለት ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብስክሌቱን ገፍቼ ሄድኩ፤
ስለ ወርቁ፣ ስለ አሃዙ፣ ስለ ሚላኖ ዘበዘብኩ።
አልሰማኝም። ቴላዮውን እንደ ሕመምተኛ ጎድን ዳሰሰ፤
ከመሪው ዝቅ ብላ ካለች እብጠት ላይ ጣቱ ደረሰ፣
ቆመ።
«ይቺ የኔ ናት» አለኝ።
«ምኗ?»
«ብየዳዋ። ነሐስ አበዛህ ብሎ ሙሴ ጆሮዬን ቆንጥጦኛል።
በሰዓት ስሙኒ ይከራይ ነበር። አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ወሰደው፤
ቸርችልን ቁልቁል ሲበር፣ ፍሬኑ እንቢ ብሎት፣
ለገሃር ሳይደርስ ከጋሪ ጋር።»
«ልጁስ?»
«ልጁማ ብስክሌቱን ተሸክሞ መጣ፣ ከንፈሩ እየደማ፤
‹ሰዓቴ ገና አልሞላም› አለ።»

ፎርኬታው? የእንግሊዝ ነው። የኋላው ቸርኬ?
«ከሌላ ከሞተ የነቀልነው።»
ፓራፋንጎውስ? በጥፍሩ አንኳኳው፣ ሳቀ፤
«የዘይት ጣሳ ነው።»

ያን ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስቱንም ስምንቱንም አልሰረዝኩም።
በኅዳጉ ላይ ብቻ፣ በቀጭኑ፣
«በያጅ፦ አምባዬ። ነሐስ አብዝቷል።»

ዘንድሮ ለቤታችንም ቁጥር ወጣለት፣ በቀይ ቀለም፣
በሩ ላይ፤ ስድስቱም አሃዝ ጉልህ ነው፣ የጠፋ የለም።
ኢሱዙው ገና በንጋት ደጃችን ቆሞ ሲያጓራ፣
ጫኙ ልጅ የአልጋውን ጫፍ በቀኙ ይዞ፣ ጥቁሩን ብስክሌት በግራ፣
ደረጃውን ሲወርድ፣
«ቀስ!» አለች ጽጌወይን።
ልጁ ደንግጦ የአልጋውን ጫፍ መሬት አስነካ።
«አልጋውን አይደለም» አለችው።