ደርሶ መልስ

ማክሰኞ ማታ፣ ቂርያት ጋት፣ የመትናሱ ምድር ቤት፣
አምስት ኮምፒውተር፣ ስድስተኛው የሞተበት፤
እኔ፣ የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር፣
በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ዘንዶ ላላምድ፣ ፓይተን ልሞክር።

"ቤላይ" ትለኛለች መምህሯ ኦስናት፣
"በላይነህ" ረዝሞባት።
"ተጠቃሚው ቁጥር ያስገባ፣ አንድ ባንድ" አለች፣
"ከዚያ ዝርዝሩን ገልብጡት" ብላ ሰሌዳውን መታች።

ቀላል ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ?
ጠዋት ከሰፈር ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ማታ ያንኑ ገለበጥኩ።
ደግሞስ መገልበጥ ለእኔ ዓይነቱ ብርቅ ነው?
ፊደሌ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሂያጅ ነው፣
የልጆቼ ፊደል ከቀኝ መጥቶ ወደ ግራ ነው፤
መሐል ላይ ቁጥር ብቻ፣ በሁለቱም ቤት
ፊቱን ሳያዞር የሚቆመው።

እና ተጠቃሚው ማነው? እኔው ነኝ። ምን ላስገባ?
ጣቴ የሚያውቀውን ጠዋት፣ ከየፌርማታው የገባ፦
አራት፣ ከዳቦ ቤቱ በር፤
ዐሥራ ሁለት ወታደር፣ ሻንጣው መተላለፊያውን ሲያጥር፤
ሁለት፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፤
አንድ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፤
ዘጠኝ ተማሪ፣ ዘጠኝ ስልክ፣ የማይበቃ ወንበር።

መጀመሪያ ገለበጥኩና "አትምልኝ" ብለው፣
"ምንም" ብሎ መለሰ።
ምንም! ያን ሁሉ ሕዝብ የት አደረሰ?
ኦስናት ሳቀች፤ "ገልብጦታል እኮ፣ እዚያው ባለበት፤
ግን ሲጨርስ አንዳች እንዲመልስልህ አትጠብቅበት።
ዝርዝሩን ራሱን ጠይቀው።"
አባቴን አስታወሰኝ፤
ቀኑን ሙሉ የቤቱን ዕቃ አገላብጦ ሲያበቃ፣
"ምን ሠራህ?" ቢሉት፣ "ምንም" ብሎ
ጀርባውን ሰጥቶ የሚተኛ፣ በቃ።

ሁለተኛ ሙከራ። ወታደሮቹ ሃያ አንድ ሆነው ወጡ።
ዘጠኙ ከየት መጡ?
ለካ እሱ አንድንና ሁለትን
እንደ ፊደል ሰልፍ ነው ያያቸው፤
ቁጥር ናችሁ ብሎ ማንም አልነገራቸው።

በሦስተኛው ተሳካ፦
ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት፣ አራት።
ማታዬ በመስኮቱ ላይ ቁልጭ አለ፤ ኦስናት አጨበጨበችለት።
እኔ ግን ከሁለተኛዋ ቁጥር ዓይኔ አልነቀል አለ።

ያቺ አንድ ትርንጎ ናት።
እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ደሟን ልታሳጥብ ስትሳፈር፣
ካርድ የሚያነበውን ማሽን "ምነው ጮኸብኝ?" እያለች ስትማረር፣
ከኋላዬ ካለችው ወንበር።
ስመለስ፣ ክንዷ ታሽጎ፣ እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ትወርዳለች፤
የወጣ ይወርዳል፤ የዝርዝሩ ሕግ ይህች ነች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ጠዋት ወጣች።
ማታ በሩን ከፈትኩ፤ ቅጠል ገባ።
ቆየሁ።
ከኋላ አንዱ "ኑ!" አለ፤ ፍጠን ማለቱ ነው።
እኔ በአማርኛ ሰማሁት፤
የመጣ ግን አልነበረም።

"አሁን የዛሬን ጠዋት አስገባ" አለችኝ ኦስናት።
አራት። ዐሥር። ሦስት።
አራተኛው ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀችኝ።
ዜሮ ማለት ይቻላል፤
ዜሮም ቁጥር ነው፣ ይገለበጣል፣ ቦታ ይይዛል።
ጣቴ እምቢ አለ።
ምንም ሳልጽፍ ተጫንኩት።
ቀይ መስመር ተግተለተለ፦ ባዶ ወደ ቁጥር አይለወጥም።
በእኛ አፍ ዜሮም ባዶ ነው፣ ባዶም ባዶ፤
ዘንዶው ግን ለያቸው፣ አንዱን ተቀብሎ አንዱን ክዶ።

"ዜሮ ጻፍ እንጂ፣ ቤላይ" አለችኝ።
ሰዓት አልቋል አልኳት፤
የመጨረሻው አራት ቁጥር እንዳያመልጠኝ።