አንድ ሜትር

አባቴ አቴሊዬ ውስጥ ሐዲድ ሲለካ ኖረ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፤
ከዚያ ሁሉ የተረፈው፣ ሳሎን ጥግ የቆመ አንድ ዘንግ ብረት።
ልኩ አንድ ሜትር ነው። «ይሄን ስታክል ትምህርት ቤት» ይለኝ ነበር፣
ጀርባዬን አስደግፎ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሲያሰምር።
ሌላም ይል ነበር፦

«ባቡሩ የፈረንጅ ይሁን፣ የንጉሥ ይሁን፣ የደርግ፣
ሐዲድ ስፋት እንጂ አያውቅም ማዕረግ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም።
ታይዋን ገበያ ስልክ እየጠገንሁ፣ በትልቁ ድርጅት ገጽ ላይ
የገንደ ቆሬን ዕድር መርዶ፣ ሠርግ፣ የጠፋ ፍየል፣ ዘጠኝ ዓመት ለጠፍሁ፤
አሥራ አንድ ሺህ ሰው ተከተለኝ። ባለቤት መስሎኝ፣ ለካስ ተከራይ ነበርሁ።

አንድ ማክሰኞ ተዘጋ። «ደንብ ጥሰዋል» ይላል። የትኛውን?
ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ማሽን መለሰልኝ፣ ያንኑን።
የአቶ ዱባለን መርዶ በዚያ ሳምንት ሰው አልሰማም፤
አሥራ ሰባት ሆነን ቀበርናቸው። ይህ ቁጥር በማንም ሪፖርት አይወጣም።

አዲሱ ባቡር፣ ስፋቱ ሌላ ነው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ይቆማል፤
የአባቴ ፉርጎዎች ለገሃር ጓሮ ዝገዋል።
መንኮራኩር አላጡም። የሚቀበል ሐዲድ ነው ያጡት።
ከቀብር መልስ ዘንጉን አየሁት፤ አነሣሁት።

ሂንዲያ፣ ሽቶና ሻሽ ሻጯ ጎረቤቴ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ከሻሹ ጀርባ አቆመች፤
«ዕድርህ እዚህ ይደር። ኪራይ የለም። መብራት ሲጠፋ ግን አብረን እንጠፋለን» አለች።
ሐረር ላይ አብዱልናስር አለ፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ የራሱ ሳጥን ያለው፤
ጅግጅጋ ላይ አንዲት አዋላጅ፤ የእሷ ከክትባት ፍሪጅ ጎን ነው።
ማንም የማንም አለቃ አይደለም፤ ልኩ ብቻ አንድ ነው።

ለድሬ ልጅ ይሄ ምኑ ይገርማል?
«ነጋያ? ነበድ? ደህና?» ብለን በሦስት ቋንቋ ባንድ ትንፋሽ እንሻገራለን፤
ለሰላምታ ኪራይ ከፍለን አናውቅም፤ እንግባባለን።

አባቴ ብዙም አልተደነቀ።
«ሐዲድ ይጠረጋል» አለኝ። «ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩን ማን ያየዋል?
ብሎኑንስ ማን ያጠብቃል?»
እውነቱን ነው። ተሳዳቢ መጥቶ የሂንዲያን ሳጥን ሲያጨቀይ
ሌሊት ተቀምጠን የምንጠርገው እኔና እሷ ነን፤ ማንን እንደምናስወጣ
ሁልጊዜ አንስማማም። አንዴ ለሁለት ሳምንት ተኳርፈናል።
ሰው ሁሉ ይመጣል ብዬም አልዋሽም፤ አሥራ አንድ ሺው ቀርቶ
መቶ አርባ ብንሆን ነው። ብዙው እዚያው በኪራይ ይኖራል።

ነገን እንጃ። የሂንዲያ ሳጥን ይቃጠል ይሆናል፤
ትዳርም ቦረማ ይወስዳት ይሆናል፤
እኔ ግን ስሜን፣ ሰዎቼን፣ ሙታኔን በአንድ ጥቅል
ይዤ ወደ ሌላው እሻገራለሁ። ፈቃድ ጠያቂ አይደለሁም፤
ልኬን ጠብቄአለሁ፤ መንገዱ ያሳልፋል።

ትናንት ሌሊት፣ መብራት በመጣ በሦስተኛው ደቂቃ፣ ከሐረር አንድ መስመር፦
«የሐሰን ፍሬን ባለቤት አረፉ። ቀብሩ ነገ፣ ከዙህር በኋላ።»
አባቴ መነጽሩን ሰክቶ አነበበው። ደገመው።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ።