ኳሷ ቁልቁል ስትሄድ

ደወሉ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ገመዱን ስስበው ልጆች ይወጣሉ፤
ደግሜ ስስበው ይመለሳሉ።

ቫልፓራይሶ ነው፣ ከኮረብታው ትከሻ ላይ፣
ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ፣
ታች ወደብ፣ ታች መርከብ፣ ታች ሁለተኛ ሰማይ።
ግቢያችን ግን ያጋደለ፣ ሲሚንቶው ቁልቁለት፣
መሐንዲሱ ያን ዕለት ውሃ ልክ የረሳበት፤
ኳስ ከእግር ካመለጠች መቆሚያ የላት፣
በደረጃው ወርዳ፣ በተኙት ውሾች ፊት፣
ነጥራ፣ ነጥራ፣ ነጥራ — ባሕር ነው የምትገባበት።

በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ አሥራ ሰባት ኳስ ሄደ፤
የወላጅ ኮሚቴው «በቃ» ብሎ ፈረደ።
ልጆቹም ተዉና ሩጫና ልፊያ
ግንቡን አደረጉት የዕረፍት መደገፊያ፤
ትከሻ በትከሻ፣ ስልክ ይዘው በመዳፍ፣
ተኮራምተው ዋሉ፣ ዝናብ እንዳገኘው ወፍ።
አሥራ አምስት ደቂቃ አውራ ጣት ብቻ ሮጠች፣
የጫማ ሶል አቧራ ሳትቀምስ ዋለች።
ዳይሬክተሯ ኢርማ ወረቀት ለጠፈች፦
«እንቅስቃሴ ለጤና!» — ከታች ፈረመች፤
አንዲት የባሕር ወፍ ብቻ መጥታ አነበበች።

ዳንኮ የሚሉት ልጅ፣ ሰውነቱ ደልደል፣
«አንተ አትሮጥ፣ በረኛ ሁን፣ ቁም እዚያው» ሲባል
አምስት ዓመት ሙሉ ከግንቡ ተጣብቋል፤
ከግንብ ጋር ኖሮ ኖሮ ግንቡን መስሏል።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ፣ ነፋስ በበረታበት፣
ራዬን የምትባል፣ ከደቡብ የመጣች፣
አዲስ ልጅ፣ ሕግ አታውቅ፣ ኳስ ከቦርሳ አወጣች፤
አንድ ጊዜ ለጋች።
ኳሷም የለመደ መንገዷን ጀመረች።
«ሄደች፣ በቃ» አሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፤
«ሄደች?» አለች ራዬን፣ «እግር የላችሁም? ተከተሏት ሁሉ!»

ያን ጊዜ ነው ዳንኮ ከግንቡ የለቀቀ።
ማንም ያላወቀውን እሱ ብቻ ዐወቀ፦
አምስት ዓመት ቆሞ ኳስ ስታመልጥ አይቷል፣
የትኛው ደረጃ እንደሚያጥፋት ያውቃል፣
የቱን ውሻ ነክታ በየት እንደምትዞር...
ከሎሚው ዛፍ በታች ባቋራጭ ሲወረወር
ሆዱ ከፊት ቀድሞ፣ ትንፋሹ ከኋላ፣
ቀበቶውን በአንድ እጅ፣ አየሩን በሌላ፣
ከበሩ ሁለት ደረጃ ሲቀራት ያዛት።
ያዛት! ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አቀፋት።

ከላይ ጩኸት ፈላ። ሊያቅፈው የወረደ
መንገድ ላይ አሰበና ሊቀማው ወረደ፤
ጨዋታው እንዲህ ነው ሳይታሰብ የተወለደ።

ሕጉን ልንገራችሁ፤ ሕጉ ብዙ አይደለም፦
ኳስ ቁልቁል ትለቀቅ፤ መቆም አይፈቀድም፤
የያዘ ይዟት ይውጣ፣ ያልያዘም አይቀርም።
ቁልቁለቱ ለሳቅ፣ ዳገቱ ለደረት፣
ስልሳ ደረጃ ነው የሳንባ ትምህርት።
ማይቴ አስም አለባት፣ እየቆመች ትወርዳለች፤
በየሳምንቱ ግን አንድ ደረጃ ትጨምራለች።

እኔን የሚቆጨኝ የታችኛው በር ነው፣
ለዳቦ ጋሪው ብዬ ክፍቱን የምተወው።
«የግቢው ጥፋት ነው» እያልኩ ስሸነግለኝ
አንዲት መወርወሪያ ነበረች የቀረችኝ።
ዘጋሁት። ኳሷ ከእንግዲህ መርከብ አታይም።

እናንተ ልጆች ሆይ፣ ጥግ የያዛችሁ፣
ሜዳው እስኪስተካከል ዕድሜ አይጠብቃችሁ፤
ባዘነበለውም ላይ ሩጡ እንዳላችሁ።

ዛሬም ገመዱን ያዝኩ። ሰዓቱ ደርሷል፤
ዳንኮ ከታች ሆኖ ሽቅብ ጀምሯል፣
ፊቱ እንደ ቲማቲም፣ አፉ ሳቅ ጎርሷል።
ኢርማ ከመስኮቷ ሰዓቷን ጠቆመች፤
«ገመዱ ተቋጥሯል» አልኩ በምልክት። አመነች፣ ወይም አመንኩ አለች።
ሦስት ደቂቃ ሰረቅሁ፤ ከማን እንደሁ እንጃ፤
ይድረስ፣ ልጁ ይድረስ፤ ቀርቶታል ጥቂት ደረጃ።